«ዳታውን መንጅ አድርገው» ስትባል መጀመሪያ ኮፒ ያዝ

ሰላም ወንድሜ። አለቃህ «ሲኤስቪውን (ዓምዶቹ በነጠላ ሰረዝ የተለዩ የሠንጠረዥ ፋይል) መንጅ አድርገህ ላክልኝ» ብሎህ፣ ምን ማለት እንደሆነ እሱን መጠየቅ ከብዶህ እዚህ መጻፍህ ይገባኛል። እኔ አንድ ሲኒየር ጠይቄ «ጉግል የለህም?» ተብያለሁ። ያውም ሰው ፊት።

1. መንጅ ማድረግ ማለት የተዝረከረከን ዳታ ቀጣዩ ፕሮግራም በሚቀበለው መልክ ማስተካከል ነው። ራንግሊንግ የሚሉትም ያው ነው፣ ሱፍ ለብሶ። ፓርስ ግን ሌላ ነው፤ ጽሑፉን አንብቦ መዋቅሩን ማውጣት። ሲሪያላይዝ የዚያ ተቃራኒ ነው በለው፤ መዋቅሩን መልሶ ጽሑፍ ማድረግ።

2. ካስት ላይ ተጠንቀቅ። የዳታውን ዓይነት መለወጥ ነው፤ ለምሳሌ ጽሑፍን ቁጥር ማድረግ። እኔን ጉድ የሠራኝ እሱ ነው። የደንበኞች መለያ ያለበት ፋይል ተሰጠኝ። በኤክሴል ከፈትኩት፣ ሁለት ዓምድ ነካካሁ፣ ሴቭ። 00417 የነበረው 417 ሆኖ ቁጭ አለ። አንዳንዱ መለያ ደግሞ 16 አሃዝ ነበር። ኤክሴል ከ15 አሃዝ በላይ በትክክል አይዝም፤ የመጨረሻዋን አሃዝ ወደ ዜሮ ቀየራት። የመለያዎቹ ርዝመት እኩል ስላልሆነ የተበሉትን ዜሮዎች መልሼ መደርደርም አልቻልኩም። ኦሪጅናሉስ? እላዩ ላይ ሴቭ አድርጌበታለሁ። የላኩልኝን ክፍል እንደገና ብጠይቅ «አንዴ ልከናል» እያሉ ሦስት ቀን አመላለሱኝ።

ቃሉ ራሱ ሊያስጠነቅቀኝ ይገባ ነበር። የ«መንጅ» ዘመድ የሆነው «መንግ» እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ከአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የባቡር ሞዴል ክበብ ልጆች የወጣ ቃል ነው። በኋላ «ማሽ አንቲል ኖ ጉድ» ብለው ፈቱት፤ እስኪበላሽ ጨፍልቀው እንደማለት። ደግሞ ኤክሴል ያቃጠለው እኔን ብቻ አይደለም። ማርች1 የሚባለውን ጂን (ዘረመል) የወሩ ስም መስሎት ቀን እያደረገ ስላስቸገረ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የሰው ጂኖችን የሚሰይመው ኮሚቴ የጂኑን ስም ማርችኤፍ1 ብሎ ቀየረው። ሶፍትዌሩ አሸነፈ ማለት ነው።

3. አሁን ጥሬውን ፋይል ለብቻው ፎልደር ውስጥ አስገብቼ ሪድ ኦንሊ (የሚነበብ እንጂ የማይለወጥ) አደርገዋለሁ። ለውጡን ሁሉ በስክሪፕት። በፓንዳስ (የፓይተን የዳታ መሣሪያ) ከሆነ ስታነበው ሁሉንም ዓምድ ስትሪንግ፣ ማለትም ጽሑፍ አድርግ፤ ወደ ቁጥር የምትቀይረው የምታሰላበትን ብቻ ነው። መለያ ቁጥር ማን ይደምራል?

ያ ሲኒየር ባለፈው ወር ዜሮ ጠፍቶበት እኔው ጋ መጣ። ስክሪፕቴን ሰጠሁት። «ጉግል የለህም?» አላልኩትም፤ ግን አፌ ላይ ደርሳ ነበር።