ተክሊል ፈጽመን አዳራሽ ውስጥ ዘፈን ቢኖርስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከእርስዎ ጋር ይሁን። ጥር ላይ ልንጋባ ነው። እሑድ ጠዋት በተክሊልና በቁርባን እንጋባለን፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አዳራሽ ተከራይተናል። የእጮኛዬ እናት «ያለ ዘፈንማ ሰርግ ሳይሆን ለቅሶ ነው» ብለው ዲጄ ይምጣ ይላሉ። የሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኞቼ ዘፈን ካለ አንመጣም ብለውኛል። መሐል ላይ ቀርቻለሁ። ዘፈን ቢኖር የጠዋቱ ተክሊል ይረክሳል?

መልስ፦ እኅቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። በመጀመሪያ የጠየቅሽውን ልመልስልሽ። ተክሊሉ አይረክስም። ቤተ ክርስቲያን የፈጸመችው ምሥጢር በዲጄ አይሻርም፤ በዚህ አትጨነቂ። ይህን ስልሽ ግን «እንግዲያው ግድ የለም» ብለሽ እንዳትሄጂ አደራ።

እስቲ የዚያን ዕለት ጠዋት አስቢው። በሌሊት ትነሳላችሁ። በጾም ናችሁ። ካባ ትለብሳላችሁ፣ ቀለበት ይደረግላችኋል፣ በቅብዐ ቅዱስ ትቀባላችሁ፣ አክሊል ይደፋላችኋል። ከዚያ ሥጋውንና ደሙን ትቀበላላችሁ። ነጠላሽን አፍሽ ላይ አድርገሽ ትወጫለሽ። የቆረበ ሰው በዚያ ቀን አይሰግድም፣ አብዝቶ አይበላም፣ አብዝቶ አይጠጣም። ይህን ከልጅነትሽ ጀምሮ ታውቂዋለሽ። ታዲያ ለክብሩ ሲባል ስግደት እንኳ የተከለከለ ሰው፣ ከሰዓት በኋላ በላብ እስኪጠመቅ ድረስ ሲዘል ቢውል ምን ይባላል? እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ከአዳራሹ በፊት የራሳችሁን ሰውነት አስቡ።

ብዙዎች የሚያነሡት ጥቅስ ገላትያ 5፥21 ነው። ከሥጋ ሥራዎች መካከል «ስካር፣ ዘፋኝነት» ተብሎ ተጽፏል። ሌላው ወገን ደግሞ ዳዊት በታቦቱ ፊት «ይዘፍን ነበር» የሚለውን ይዞ ይከራከራል። ሁለቱም አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ላይ አሉ። ነገር ግን ሐዋርያው ጳውሎስ የተጠቀመበት የግሪክ ቃል ኮሞስ የሚባለው ነው። የሌሊት ጭፈራን፣ ሰክሮ መንገድ ለመንገድ እየጮኹ መዞርን የሚናገር ቃል ነው። ሮሜ 13፥13 ላይም ይኸው ቃል አለ፤ እዚያም ከስካር ጋር አብሮ ተጠርቷል። ዳዊት ደግሞ ሲያመሰግን ነበር። ስለዚህ ማሲንቆውን ወይም ጭብጨባውን ብቻ ይዘን አንፍረድ። የሚዘፈነው ቃል ማንን ያከብራል? ወደ ምን ይጠራል? ሰውነትን ወዴት ይወስዳል? ዛሬ አዳራሽ ውስጥ የሚከፈተው ዘፈን አብዛኛው በዚህ ሲመዘን ይወድቃል። ይህን ደግሞ አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ግጥሙን ንስሐ አባትሽ ፊት ለማንበብ ብትሞክሪ ይበቃል።

ጥያቄው ዛሬ የመጣ አይደለም። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሎዶቅያ ላይ የተሰበሰቡ አባቶች ክርስቲያኖች ሰርግ ሲጠሩ እንዳይጨፍሩ፣ በጨዋነት ማዕድ እንዲቀርቡ ደንግገዋል። ካህናት ደግሞ ተጫዋቾቹ ከመግባታቸው በፊት ተነሥተው እንዲወጡ አዘዋል። ሰርግ አትሂዱ ግን አላሉም። ጌታችንም ቃና ዘገሊላ ሲጠራ ሄዷል፤ ወይኑ ሲያልቅም ስድስት የድንጋይ ጋን ሞልቶ ሰጥቷል። ጥር 12 በየዓመቱ የምናከብረው ይህንኑ ነው። ደስታችሁን የሚጠላ አምላክ የለንም።

አንድ ጊዜ ያስተማርኳቸው ልጆች ሰርግ ላይ ተጠርቼ ነበር። ጠዋት ሙሽራዋ ከደስታ ብዛት ስታለቅስ አይቻታለሁ። አዳራሽ ስንደርስ በር ላይ የተቀበለን ድምፅ ማጉያው ነው። ከጎኔ የተቀመጡት አያቷ ነጠላቸውን አጣጥፈው ጆሯቸው ላይ ያዙ። የንስሐ አባቷ ማዕዱን ሊባርኩ ተነሡ። ዲጄው አላያቸውም። መስቀላቸውን ይዘው ቆሙ፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ። አሜን የሚል አልነበረም፤ ያልሰሙትን እንዴት አሜን ይበሉ? ባርከው ተቀመጡ። ማንም በክፋት ያደረገው ነገር አይደለም። አስቀድሞ ያሰበበት ሰው ብቻ ጠፋ። እስከ ዛሬ ሳስበው ያመኛል።

ለጓደኞችሽም አንድ ነገር ንገሪልኝ። መዝሙር ለዘፈን ምትክ ተብሎ የሚገባ ማሟያ አይደለም። የእመቤታችን መዝሙር በዲጄ ምት ተቀይሮ፣ ሰው ቢራ ይዞ ወገቡን ሲነቀንቅበት አይቻለሁ። ይህ ከዘፈኑ ይብስብኛል። ዘፈኑ ቢያንስ በስሙ ነው የሚጠራው።

የእጮኛሽን እናት ደግሞ በክፉ አትያቸው። «ለቅሶ ነው» ያሉት ያዩትን ይዘው ይመስለኛል። ዘፈን ይቅር ተብሎ በቦታው ምንም ያልተዘጋጀበት ሰርግ አለ። መዘምራኑ ዘግይተው ይመጣሉ፣ ሁለት መዝሙር ዘምረው ይቀመጣሉ፣ ከዚያ እንግዳው ሰዓቱን ያያል። እናት በልጃቸው ሰርግ እንዲህ ሲሆን ቢፈሩ አልፈርድባቸውም። ስለዚህ በቂ ዝግጅት አድርጉ። መዘምራኑ ከአሁኑ ይለማመዱ፤ ሙሽሮቹ ከበር ሲገቡ ጀምረው ይቀበሉ። ካህናቱን ወረብ እንዲያቀርቡ ጠይቁ። በገና የሚደረድር ካገኛችሁ ምግብ ሲበላ ይደርድር። የሽማግሌዎች ምርቃት ሰፊ ሰዓት ይሰጠው። እልልታው፣ ጭብጨባው፣ ከበሮው የእናንተው ነው፤ ማን ይከለክላችኋል? አዳራሹ የራሱ ድምፅ ተቆጣጣሪ ካለው ደግሞ ማዕድ ሲባረክ ማሽኑ ጭራሽ እንዲጠፋ ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

«ዘፈኑን ለመልሱ እናድርገው» የሚል ሐሳብ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እኔ አልመክርም። በመልሱ ቀንም ያው እናንተው ናችሁ።

እናቶች በየሰፈሩ ሙሽራን እያወደሱ የሚያወጡት የቆየ የሰርግ ግጥምስ ብትይኝ፣ ነውር ቃል የሌለበትን፣ ምርቃትና ውዳሴ የሆነውን እኔ ከዲጄው ዘፈን ጋር አንድ ላይ አልቆጥረውም። በዚህ ላይ ጠበቅ የሚያደርጉ መምህራን አሉ። ስለዚህ ለንስሐ አባትሽ ግጥሙን አሰሚያቸው፤ እሳቸው ያሉሽን አድርጊ።

አሁን ሂጂና የእጮኛሽ እናት ቤት ቡና አፍዪ። እጮኛሽ አብሮሽ ይሁን፤ ንግግሩን እሱ ይጀምር፣ እናቱ ናቸውና። ዲጄውን አንፈልግም ብላችሁ አትጀምሩ። «እማዬ፣ አዳራሽ ስንገባ ከበሮውን እርስዎ ይያዙልን» በሏቸው።