«ግምት» ለሳይንስ ያንሳልን?

ደሴ ከተማ ፊዚክስ የሚያስተምሩ አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «ከዳራ ጨረርና ከጋላክሲ ዘለላዎች ተነስቶ የጽንፈ ዓለሙን የመስፋፋት ፍጥነትና የቁስ ድርሻ ስለማግኘት ለተማሪዎቼ ማስታወሻ አዘጋጅቼ ‹ግምት› ብዬ ጻፍኩ። ባልደረባዬ ‹ግምት እኮ መላ መምታት ነው፤ ልኬት በል› አለኝ። የትኛው ይሻላል?»

የእርስዎ ይሻላል። የሚለካውና የሚገመተው ተለይተው ይታወቁ። የዳራ ጨረሩ፣ ማለትም ከጽንፈ ዓለሙ የልጅነት ዘመን ተርፎ ሰማዩን ሁሉ የሞላው ደካማ ጨረር፣ ሙቀቱ ተለክቷል፤ 2.725 ኬልቪን ነው። ከአንዱ የሰማይ ክፍል ወደ ሌላው ሲሄዱ ሙቀቱ ከመቶ ሺህ አንድ እጅ ያህል ከፍ ዝቅ ይላል፤ ይህም ተለክቷል። የመስፋፋቱን ፍጥነት ግን ፕላንክ የተባለችው ሳተላይት አልለካችም። ሊቃውንቱ በሞዴላቸው ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች እየለዋወጡ፣ ከተለካው የሙቀት ልዩነት ጋር የሚገጥሙትን ፈልገው ነው በ2018 እ.ኤ.አ. 67.4 ኪሎ ሜትር በሰከንድ በሜጋፓርሴክ (ሜጋፓርሴክ 3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ርቀት ነው) ያሉት። ስህተቱ ወደላይም ወደታችም 0.5 ነው። «ለካ» ልክን ይወልዳል፤ «ልክ ነህ» ስንል እውነት ብለሃል ማለታችን ነው። ሞዴሉ ቢለወጥ የሚለወጥን ቁጥር ልኬት ብሎ መጥራት የማይገባውን ማዕረግ መስጠት ነው።

ባልደረባዎ የሚሰጉበት «መላ መምታት» የራሱ ቃል አለው። «መላምት» መላ እና ምት ተጋጥመው የወጣ ነው፤ ዛሬ የመማሪያ መጻሕፍት ሳይንሳዊ ማዕረግ ሰጥተውታል። መላ መምታትን ከፍ አድርጎ ግምትን ዝቅ ማድረግ አይገባኝም። ግምት እኮ ዋጋን ማወቅ ነው፤ «ለሰው የሚገባውን ግምት ስጥ» እንላለን። ወሎ ውስጥ አስራት፣ ከሰብሉ አንድ አስረኛ የሚከፈለው ግብር፣ በ1967 እ.ኤ.አ. በእርሻ ገቢ ግብር እስኪተካ ድረስ፣ ሰብሉ ገና ማሳ ላይ ቆሞ ሳለ ገማቾች እየዞሩ ስንት እንደሚወጣው ይናገሩ ነበር። መሬት በቀላድ፣ በመለኪያ ገመድ፣ ይለካል፤ ያልታጨደ ሰብል ግን ይገመታል። ገበሬው የሚከራከረውም ገማቹ ምን አይቶ፣ ምን ታሳቢ አድርጎ እዚያ ቁጥር ላይ እንደደረሰ ነበር።

የጋላክሲ ዘለላዎች፣ በስበት ተያይዘው በአንድነት ያሉ የብዙ ጋላክሲዎች ስብስቦች፣ ነገር ይህንኑ ያጠናክርልኛል። የፕላንክ ቡድን በ2013 እ.ኤ.አ. በዘለላዎቹ ውስጥ ያለው ትኩስ ጋዝ በዳራ ጨረሩ ላይ የሚተወውን ምልክት ተከትሎ ዘለላዎቹን ቆጠረ። ከዳራ ጨረሩ በተገኙት ቁጥሮች ከተጠበቀው ያነሱ ሆኑ፤ በሌላ አነጋገር ቁሱ ያነሰ የተጠጋጋ መሰለ። ከጋዙ ተነስቶ የተገኘው የዘለላዎቹ ክብደት ከእውነተኛው በእጅጉ ያነሰ ነው ቢባል ሁለቱ መንገዶች ይታረቃሉ። ክርክሩ ሁሉ ያለው ክብደቱን በመገመቱ ላይ ነው። «ልኬት» ብለው ቢጽፉ ተማሪው አንዱ መሣሪያ የተበላሸ ይመስለዋል።

«ስሌት» ይሁን የሚሉም አሉ። ስሌት መንገዱ ነው፤ የተደረሰበትን ግን አይነግረንም።

ይህን ሁሉ ብዬም ጆሮዬን አልደፍንም። ዛሬ ወጣቱ «ገምት!» ሲል ዝም ብለህ ጥራ ማለቱ ነው፤ የኳስ ውርርዱም ግምት ይባላል። «ግምት ውስጥ ወደቀ» ደግሞ ከቆየ ጀምሮ ተጠርጣሪነትን ያሳያል። ቃሉ መንሸራተቱን ሳልወድ እቀበላለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ በሚጠቅሱበት ቦታ «በስሌት የተደረሰበት ግምት» ብለው ይጻፉ፤ ከዚያ በኋላ «ግምት» ብቻ ይበቃል። «ግምታዊ» የሚለውን ግን ባይጠቀሙት ደስ ይለኛል። በሰዋስው የሚያስነቅፈው ነገር የለም፤ ጆሮዬ ነው እንቢ ያለው። ስህተቱን ደግሞ ከቁጥሩ አይለዩት፦ «የቁስ ድርሻ፣ በፕላንክ የ2018 ግምት፣ 0.315፤ ስህተቱ ወደላይም ወደታችም 0.007»።