ለድራግ ከሆነ ከሞተሩ በፊት ክብደቱን እይ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አነበብኩት። ባህር ዳር ነህ፣ የድሮ ትንሽ መኪና ገዝተህ ለድራግ (በአጭር ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ለሚደረግ የፍጥነት ውድድር) ማዘጋጀት ትፈልጋለህ፣ ከቮልስ፣ ከፊያት 600፣ ከላዳና ከዲኤክስ ኮሮላ አንዱን መምረጥ ግን ቸግሮሃል። እስካሁን የመለሱልህ ልጆች አብዛኞቹ ስለ ሞተር ነው ያወሩት። እኔ እዚሁ ከተማ ጋራዥ ውስጥ ከእነዚህ መኪኖች ጋር ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። የእኔ መልስ ከክብደት ይጀምራል፤ ምክንያቱም ያለህበት ቦታ ራሱ ያስገድድሃል።

ባህር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር ሲያንስ ጉልበቱም አብሮ ይቀንሳል። ፋብሪካው 60 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር እዚህ 49 ወይም 50 ቢሰጥህ ነው። ከፍታው ከሞተርህ ወደ አንድ አምስተኛ ይወስዳል። ከመኪናው ላይ ያወረድከውን ኪሎ ግን ማንም አይወስድብህም። ስለዚህ እዚህ አገር ለድራግ የሚሆን መኪና የምትመርጠው በቅለቱ ነው።

ይህን በቁጥር ማየት ትችላለህ። የድራግ የታወቀው ርቀት ሩብ ማይል ነው፤ 402 ሜትር ማለት ነው። ከአዲሱ የዓባይ ድልድይ ትንሽ ይረዝማል፤ ድልድዩ 380 ሜትር ነው። በዚህ ርቀት የሚፈጀውን ሰዓት ለመገመት የመኪናውንና የሾፌሩን ክብደት በኪሎ ደምር፣ ለፈረስ ጉልበት አካፍል፣ የውጤቱን ኩብ ሩት አውጣ፣ ከዚያ በ7.6 አባዛ። የሚመጣው በሰከንድ ነው። ግምት ነው፤ ጎማ ከተንሸራተተ ወይም ማርሽ ከዘገየ ይረዝማል። መኪናን ከመኪና ለማወዳደር ግን ይበቃል።

አሁን ወደ ምርጫዎችህ ልግባ።

ፊያት 600 በጣም ቀላል ነው፤ 600 ኪሎ አካባቢ። ሞተሩም ከኋላ ስለሆነ ጎማው አስፋልቱን ይይዛል። ግን ኋላ የመጣው ሞዴል እንኳ 767 ሲሲ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ በስሌቱ ወደ 23 ሰከንድ ይወጣል። አራቱም ጎማ ላይ ያለው ፍሬን ታምቡር ነው፣ ጎማው ደግሞ ባለ 12 ኢንች ስለሆነ ጥሩ ጎማ ለማግኘት ትቸገራለህ። ለዚህ ሥራ አልመክርህም።

ቮልስን በተመለከተ ልቤ ሁለት ቦታ ነው። ሞተሩ ከኋላ ጎማ በላይ ስለተቀመጠ ሲነሳ የሚይዘው መሬት ላዳና ኮሮላ የላቸውም። ካሊፎርኒያ ውስጥ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኤምፒ የተባለው የመለዋወጫ ድርጅት "ኢንች ፒንቸር" የሚባል ቮልስ አዘጋጅቶ በድራግ ስሙን የተከለው በዚህ ጠባዩ ነው። ነገር ግን እነሱ ያስገቡለትን ክራንክና ቴስታታ (የሞተር ራስ) እኛ ከየት እናመጣለን? ፋብሪካ እንደሠራው ባለ 1300 ሞተሩ እዚህ ወደ 23 ሰከንድ ይወስድብሃል። ጉልበት ስትጨምርለት ደግሞ ካምቢዮው ቀድሞ ይሰበራል። በዚያ ላይ የድሮው ቮልስ የኋላ አክስል በከፍተኛ ፍጥነት እግርህን ድንገት ከነዳጅ ስታነሳ ጎማውን ወደ ውስጥ ያጥፈዋል፤ ይህ አደገኛ ነው። ሌላም ነገር አለ። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነው። ይህ መኪና በአገራችን ታሪክ ውስጥ ቦታ አለው። ደህና ሆኖ የቆየ፣ ላሜራው ያልተነካ ቮልስ ካገኘህ እባክህ አትቁረጠው። አስውበህ ንዳው፣ ወይም ለሚወደው ሰው ተወው።

ላዳ ጠንካራ ነው፣ መለዋወጫውም አይጠፋም፣ የኋላ ጎማ ነጂ ነው። ግን የፊያት 124 ልጅ ነውና ከባድ ነው፤ 2101 የሚባለው ሞዴል 950 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ስሌቱ 21 ሰከንድ ያህል ይሰጥሃል። ላዳ በእጅህ ካለ በእሱ ተለማመድ። ለመግዛት ግን ላዳን አላስቀድምም።

የሚቀረው ኮሮላ ነው፣ ምክሬም እሱ ነው። ከድሮዎቹ የኮሮላ ሞዴሎች ኬኢ 20 ወይም ኬኢ 30 ጤነኛውን ካገኘህ እሰየው፤ ኬኢ 20 ወደ 740 ኪሎ ብቻ ነው። ግን ዛሬ ደህናውን ማግኘት ከባድ ነው፣ እሱም ባለ 12 ኢንች ጎማ ነው። በየሰፈሩ የምታየው ዲኤክስ፣ ማለትም ኬኢ 70፣ ይሻልሃል። 860 ኪሎ ገደማ ነው። ባለ 13 ኢንች ጎማ ነው፣ ፊት ላይ ዲስክ ፍሬን አለው፣ ከኋላ የሚነዳ ነው፣ 4ኬ የሚባለውን 1,290 ሲሲ ሞተር ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታ መካኒክ ባህር ዳር ውስጥ ሞልቷል። ፖርቶ ሪኮ ውስጥ የድሮ ኮሮላና ስታርሌት ላይ የማዝዳ ሮታሪ ሞተር ወይም የቶዮታ 2ቲሲ እየገጠሙ ድራግ የሚሮጡ ሰዎች ብዙ ናቸው። የመረጡበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ቀላል አካል፣ የኋላ ነጂ።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ የመጣው የኮሮላ ሰዳን የፊት ጎማ ነጂ ነው። መኪና ሲነሳ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚሄድ የፊት ጎማ ይቀልና ይንሸራተታል። ሻጩ የሚልህን ትተህ ከመኪናው ሥር ገብተህ እይ። ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚሄድ ትራስሚሲዮን (የኋላ ጎማውን የሚያዞረው ረጅም ዘንግ) ካላየህ ተመለስ።

ከውጭ ላስመጣ የምትለውን ሐሳብ እርሳው። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ የጣለው ቀረጥ የማይሞከር ነው፤ ከ2016 ወዲህ ደግሞ የቤንዚን አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏል። ያለው አገር ውስጥ ያለው ነው።

አሁን ዲኤክስ ገዛህ እንበል። አንተ 70 ኪሎ ከሆንክ በድምሩ 930 ኪሎ፣ በ49 የፈረስ ጉልበት። ስሌቱ 20.3 ሰከንድ ይላል። 100 ኪሎ ስታወርድለት 19.5 ይሆናል። መጨረሻው መስመር ላይ የምትደርሰው በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ይህች 0.8 ሰከንድ 24 ሜትር ናት፤ ስድስት ዲኤክስ ተደርድሮ ማለት ነው። አንድ ብር የሞተር ዕቃ አልገዛህም። ያው ለውጥ በሞተር ይምጣ ብትል ስድስት የፈረስ ጉልበት መጨመር አለብህ፤ በ4ኬ ላይ ስድስት ፈረስ ቀላል ሥራ አይደለም።

100 ኪሎ ከየት ይመጣል? የኋላ ወንበር፣ ትርፍ ጎማና ክሪክ፣ ፖርቶመጋላ ካለው እሱ፣ ምንጣፉና ከሥሩ የተለጠፈው ሬንጅ መሳይ ድምፅ ማፈኛ፣ የብረት ፓራውልት፣ የበር ውስጥ ልባስ። ብዙ ሰው የሚረሳው ስቱኮን ነው። እነዚህ መኪኖች በየዘመኑ እየተገጩ ስቱኮ ተለቅልቀዋል። እሱ ተፍቆ ላሜራው በትክክል ሲቀጠቀጥ መኪናው ይቀላል፣ የተደበቀው ዝገትም ይገለጣል። ጣና ጨው የለውም፣ ስለዚህ የወደብ ከተማ ዝገት እዚህ የለም። የእኛ ዝገት ክረምት ምንጣፍ ሥር ከሚተኛው ውሃ ነው የሚጀምረው፤ የእግር መርገጫውንና ከኋላ ሞላው የሚያርፍበትን ቦታ በመዶሻ ጫፍ ቀስ ብለህ ነካካ።

የማይነካም አለ። የሻንሲውን መስቀለኛ ብረት፣ የፊት መስታወት፣ ፍሬንና ቀበቶ ለክብደት ብለህ አታንሳ። ከቀበቶ እንዲያውም ጨምር።

አውርደህ ስትጨርስ የእህል መኪና የሚመዘንበት ሚዛን ላይ ውሰደው። መጀመሪያ የፊት ጎማዎቹን ብቻ፣ ቀጥሎ የኋላዎቹን፣ ከዚያ ሙሉውን አስመዝን። ይህን የምልህ አብዛኛው የምታወርደው ዕቃ ከኋላ ስለሆነ ነው። የኋላው ከመጠን በላይ ከቀለለ ጎማው ሲነሳ ይሽከረከርብሃል። መፍትሔው ባትሪውን ከኮፈን ሥር አውጥቶ ወደ ኋላ ዕቃ መጫኛ መውሰድ ነው። በቀኝ በኩል ይሁን፤ እንደ ዲኤክስ ከኋላ ሙሉ አክስል ያለው መኪና ሲነሳ የትራስሚሲዮኑ መጠምዘዝ የቀኙን የኋላ ጎማ ያነሳዋልና። ባትሪው በብረት ማሰሪያ ይታሰር፣ ገመዱም ላሜራ በሚያልፍበት ሁሉ ጎማ ይልበስ።

ሞተሩ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ካርቡሬተሩ ለቆላ የተስተካከለ ከሆነ እዚህ ነዳጅ ይበዛበታል፤ ትንሽ ጠበብ ያለ ጂግለር (ነዳጁ የሚያልፍበት ቀዳዳ) ያስፈልገዋል። ካንዴላው ጥቁር ከሆነ ምልክቱ እሱ ነው። ካንዴላው የሚረጨውን እሳት ጥቂት ዲግሪ ማስቀደም ይቻላል። ስስ አየር ሲሊንደር ውስጥ የሚፈጥረው ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ቴስታታውን በማሽን በትንሹ አስልገህ ኮምፕሬሽን ብትጨምር፣ ቆላ ላይ የሚያንኳኳ ሞተር እዚህ ይታገሥሃል። ግን መኪናውን ወደ ቆላ ይዘህ ከወረድክ አስብበት። ሌላ ሞተር ልግጠም ካልክ ላይት ኤስ ከሚባለው የቶዮታ ቫን የሚወጣው 5ኬ 1,486 ሲሲ ነው፣ ከ4ኬ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። በቫኑ ላይ ተጋድሞ ስለሚቀመጥ የዘይት ኮፓውንና የሞተር መቀመጫውን ከራስህ ሞተር ታደርግለታለህ። ከተቀነሰው ክብደት ጋር ወደ 18.6 ሰከንድ ያወርድሃል። ከዚህ በላይ ለመጀመሪያ መኪና አያስፈልግም።

ሰዓትም ምረጥ። በታኅሣሥ ማለዳና በመጋቢት ከሰዓት መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ብቻ ከሞተርህ አምስት ስድስት በመቶ ያመጣል ወይም ይወስዳል። ሁለት መኪና ማወዳደር ከፈለግህ በአንድ ጠዋት አወዳድር።

ፍጥነቱ ራሱ የሚሞከርበት ቦታ ላይ ግን ከልቤ እለምንሃለሁ። የከተማው ጎዳና ላይ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ አይሆንም። ባህር ዳር የብስክሌትና የባጃጅ ከተማ ናት፤ መብራት የሌለው ብስክሌት በ110 ፍጥነት አይታይህም። ወደ መሸንቲም ሆነ ወደ ሐሙሲት በሚወስደው መንገድ ከብት ይሻገራል። በፈቃድ የተዘጋ አስፋልት፣ አምቡላንስ የቆመበት፣ ተመልካች ከመንገዱ የራቀበት መሆን አለበት። ርዝመቱም 402 ሜትር አይበቃም፤ ከመስመሩ በኋላ ቢያንስ ሌላ ያን ያህል ለማቆሚያ ያስፈልጋል። ፍሬን ሲሠራ ከመቶ ሜትር ትንሽ በላይ ይበቃሃል። ቀሪው ፍሬን እንቢ ሲል ነው። አሜሪካኖች እንኳ በ2008 (እ.ኤ.አ.) አንድ ሾፌራቸው ማቆሚያው አልቆበት ከሞተ በኋላ የፈጣኖቹን መኪኖች ውድድር ከ402 ወደ 305 ሜትር አሳጥረውታል። ቦታ ካጠረህ አንተም 201 ሜትር ሩጥ፤ ስምንተኛ ማይል ይባላል፣ የታወቀ ውድድር ነው። ሄልሜት በመጀመሪያው ቀን ይገዛ።

ያየኸው ዲኤክስ ካለ ቀብድ ከመክፈልህ በፊት ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ከመኪናው ጋር አመሳክር። ከዚያ የሥሩን፣ የእግር መርገጫውንና የኋላ ሞላ መቀመጫውን ፎቶ አንስተህ እዚሁ ላክ። አይቼ የሚታየኝን እነግርሃለሁ።