የአንባቢያን ጥያቄ፦ ሳይጋ ከመጥፋት ተርፏል ማለት ይቻላል?

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ሁሉም ስለ ሳይጋ ናቸው። ሳይጋ በካዛክስታን፣ በሩሲያ፣ በኡዝቤኪስታንና በሞንጎሊያ ሰፋፊ የሣር ሜዳዎች ላይ በመንጋ እየተዘዋወረ የሚኖር፣ የሚዳቋ ወገን የሆነ የዱር እንስሳ ነው።

ጥያቄ፦ ከዓመታት በፊት ሳይጋ በጅምላ አልቆ ሜዳውን በድን እንደሸፈነው አንብቤ ነበር። ሰሞኑን ደግሞ ቁጥሩ ከሚሊዮን በላይ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ አጋጠመኝ። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱንም ይመኑ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2015 በማዕከላዊ ካዛክስታን ቤትፓክ-ዳላ በሚባለው ምድር፣ እንስቶቹ ለመውለድ በተሰበሰቡበት ወቅት፣ በሦስት ሳምንት ገደማ ውስጥ 200,000 ያህል ሳይጋዎች ሞቱ፤ ይህም በዘመኑ በዓለም ላይ ከነበሩት ከግማሽ በላይ ነበር። ወሊዱን ለማጥናት በሥፍራው የነበሩ ባለሙያዎች ያዩት ነገር እስከ ዛሬ ይዘገንናል። ደህና ሲግጥ የነበረው እንስሳ በድንገት ይዝላል፣ እግሩ ይተሳሰራል፣ ጥቂት ሰዓታት ቆይቶም ይሞታል፤ የሞተች እናታቸውን ጡት የሚፈልጉ ግልገሎችም ተከትለው ይረግፉ ነበር። በሽታው ከገባባቸው መንጋዎች አንድም የተረፈ አልነበረም ማለት ይቻላል።

ገዳዩ ፓስቱሬላ ማልቶሲዳ የተባለ ባክቴሪያ ሲሆን፣ ከብት አርቢዎች ጎሮርሳ ብለው ከሚያውቁት በሽታ ጋር የሚዛመድ ሕመም ያስከትላል። ይበልጥ የሚያስጨንቀው ግን ባክቴሪያው ከሌላ ቦታ የመጣ አለመሆኑ ነው፤ በጤነኛ ሳይጋ ጉሮሮ ውስጥ ጉዳት ሳያደርስ ይኖር የነበረ ነው። ከዚያ በኋላ የተደረገው ጥናት፣ እልቂቱ ከመጀመሩ በፊት በነበሩት ቀናት አየሩ ከወትሮው በተለየ ሁኔታ እርጥበት የበዛበትና ሞቃታማ እንደነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 እና በ1988 የደረሱት ተመሳሳይ እልቂቶችም ከእንዲህ ዓይነት አየር ጋር የተገጣጠሙ እንደነበሩ አመልክቷል። የአየር ንብረቱ እየተለወጠ ባለበት ዘመን ይህ ግኝት ችላ ሊባል አይገባውም።

የማገገሙ ዜናም እንዲሁ እውነት ነው። በካዛክስታን በአውሮፕላን በተካሄደው ቆጠራ እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ 334,000፣ በ2021 ወደ 842,000፣ በ2022 ደግሞ ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ሳይጋ ተገኝቷል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከ2002 ጀምሮ በጽኑ አደጋ ላይ ካሉት ዝርያዎች ተርታ አስፍሮት የነበረውን ይህን እንስሳ በዲሴምበር 2023 «ለሥጋት የተቃረበ» ወደሚባለው ቀለል ያለ ደረጃ ያዘዋወረው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ ያን ያህል ካለቀ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዴት ሊበዛ ቻለ?

መልስ፦ ዋናው ምስጢር እንስቷ ናት። ሳይጋ ገና በተወለደችበት ዓመት፣ ማለትም በሰባትና በስምንት ወር ዕድሜዋ፣ ለመፅነስ ትደርሳለች፤ ከመጀመሪያው ወሊድ በኋላም በአብዛኛው መንታ ትወልዳለች። እንስቶቹ በሜይ ወር በሺዎች ተሰባስበው በአንድ ሳምንት ገደማ ውስጥ ይወልዳሉ። ግልገሎቹ በአንድ ጊዜ እጅግ ስለሚበዙ ተኩላና ንስር የሚያነሡት ጥቂቱን ብቻ ነው። አዲስ የተወለደ ግልገል አይሮጥም፤ አንገቱን ዘርግቶ መሬት ላይ ይለጠፋል፣ ጠጉሩም ከደረቀው ሣርና ከአፈሩ ቀለም ጋር ስለሚመሳሰል ሰው በጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ሆኖ እንኳ ላያየው ይችላል። እናቱ ራቅ ብላ ትግጥና ለማጥባት ብቻ ትመለሳለች።

ይህ ተፈጥሮ ግን ጥበቃ ካልታከለበት ብቻውን አያድንም። በ2015 የተረፉት እንስቶች መውለዳቸውን የቀጠሉት፣ የካዛክስታን መንግሥትና አጋር ድርጅቶች ሕገወጥ አደንን አጥብቀው በመቆጣጠራቸው ነው። አልቲን ዳላ በሚባለው የጋራ ሥራ ሰፋፊ ጥብቅ ሥፍራዎች ተከልለዋል፣ ለአንዳንድ ሳይጋዎችም ኮላር፣ ማለትም ምልክት የሚያስተላልፍ የአንገት ማሰሪያ፣ ተደርጎ የመንጋው ጉዞ በሳተላይት ይከታተላሉ። ይህ ሥራ ሕይወትም ተከፍሎበታል፤ በ2019 ብቻ ሁለት ጠባቂዎች በተለያየ ጊዜ በሕገወጥ አዳኞች ተገድለዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ ፎቶውን አይታ «ፍየል ነው ወይስ ዝሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። አፍንጫው ለምን እንዲያ ሆነ?

መልስ፦ የልጅዎ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ አፍንጫው በእርግጥ አጭር ኩምቢ ይመስላል። በበጋ መንጋው የሚያስነሣውን አቧራ ያጣራለታል፤ በክረምት ደግሞ የሚቀዘቅዘው አየር ሳንባው ከመድረሱ በፊት በሰፊው የአፍንጫ ጎድጓዳ ውስጥ ይሞቃል። የወንዱ አፍንጫ በዲሴምበር በሚሆነው የድሪያ ወቅት ይበልጥ ያብጣል፤ ጥሪውንም የሚያሰማው በእርሱ ነው።

ጥያቄ፦ ቀንዱ ለመድኃኒትነት ይፈለጋል ይባላል። ለመመናመኑ ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው?

መልስ፦ ዋናው ይህ ነው። ቀንድ ያለው ወንዱ ብቻ ሲሆን፣ ሰም የመሰለውና ብርሃን የሚያሳልፈው ቀንዱ በቻይና ባህላዊ ሕክምና ከጥንት ጀምሮ ይፈለጋል። የሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1991 ሲፈርስ የጥበቃው ሥርዓት አብሮ ፈረሰ፤ በየገጠሩ ሥራ ያጣው ሰው ሥጋውን ለምግብ ቀንዱን ለገበያ ፈለገ፤ ድንበሩም ተከፈተ። በዚያው ዘመን አካባቢ አንዳንድ የዱር እንስሳት ተሟጋቾች አውራሪስን ለማዳን ሲሉ የሳይጋ ቀንድ በአውራሪስ ቀንድ ምትክ እንዲሆን ሐሳብ አቅርበው ነበር። ሐሳቡ በቅን ልቦና የቀረበ ቢሆንም ስሕተት ነበር ብዬ አምናለሁ። ከአንድ ሚሊዮን ይበልጥ የነበረው ሳይጋ በአሥር ዓመት ጥቂት አለፍ ባለ ጊዜ ውስጥ 50,000 ገደማ ብቻ ቀረ።

ጉዳቱ በተገደሉት ቁጥር ብቻ የሚለካ አልነበረም። አዳኞች ወንዶቹን እየለዩ በመግደላቸው፣ በሩሲያዋ ካልሚኪያ ወንዶች እጅግ አነሱ፤ ትልልቆቹ እንስቶች የቀሩትን ጥቂት ወንዶች ከብበው ወጣቶቹን ስላባረሩ ብዙዎቹ ወጣት እንስቶች ሳይፀንሱ ቀሩ። እንስቷ በሕይወት ኖራ ትውልዱ የሚቋረጥበት እንዲህ ያለ ሁኔታ በዱር እምብዛም አይታይም። ዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት በ2019 ከዱር የሚገኝ የሳይጋ ውጤት ለንግድ ወደ ውጭ እንዳይላክ ኮታውን ዜሮ አድርጎት ነበር።

ጥያቄ፦ እንግዲህ ጥበቃው በቃው ማለት ነው?

መልስ፦ አልበቃውም። በምዕራብ ካዛክስታን ያሉ ገበሬዎች ሳይጋው ማሳችንንና የግጦሽ ሣራችንን ጨረሰብን ብለው ያማርራሉ፤ ቅሬታቸውም መሠረት ያለው ስለሆነ በቀና መንፈስ ሊደመጥ ይገባል። በካዛክስታንና በኡዝቤኪስታን መካከል በሚገኘው የኡስትዩርት አምባ ምድር ደግሞ የድንበር አጥርና የባቡር ሐዲድ የመንጋውን የጥንት መንገድ ስለሚያቋርጡ፣ ሳይጋው አልፎ እንዲሄድ የአጥሩ ታችኛ ሽቦ ከፍ የሚልበትና ክፍተት የሚተውበት መፍትሔ ታስቧል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ከሌሎቹ ተለይቶ በምዕራብ ሞንጎሊያ የሚኖረው የሳይጋ ንዑስ ዝርያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 እና በ2017 «ደስታ መሰል» የሚባለው ተላላፊ የእንስሳት በሽታ ከበግና ከፍየል ተዛምቶበት ከግማሽ በላይ የሚሆነው አልቋል። ሳይጋና የአርብቶ አደሩ መንጋ በአንድ ሜዳ ስለሚግጡና በአንድ ውኃ ስለሚጠጡ፣ የዱር እንስሳውን ከዚህ በሽታ ለመጠበቅ አስቀድሞ መከተብ ያለባቸው በጎቹና ፍየሎቹ ናቸው።