ሥራ ልፈልግ ወይስ ከሸክላው ጋር ልቆይ?

ከጅማ የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። በሂሳብ መዝገብ አያያዝ ተመርቀሽ ሥራ እየፈለግሽ ነው፤ እስከዚያው የቡና ገለፈት ከሸክላ አፈር ጋር እየቀላቀልሽ የራስሽን ቅርጾች ትሠሪያለሽ፤ አብዛኞቹ ግን እሳት ውስጥ ይሰነጠቃሉ። ወላጆችሽ «ተምረሽ ሸክላ ሠሪ ልትሆኚ?» ይሉሻል። ሥራ ፍለጋውን ትቼ የሴራሚክ አርቲስት ብሆን ያዋጣኛል ወይ ነው ጥያቄሽ።

ሥራ ፍለጋውን አትተዪ፤ ሸክላውንም እንደዚሁ። ነገር ግን ሙከራ የምትዪው ገና ሙከራ አልሆነም። አንድ ቀን ገለፈት ትጨምሪያለሽ፣ በማግስቱ አሸዋ፣ ቀጥሎ አፈሩን ራሱን ትቀይሪያለሽ። ሲሰነጠቅ ጥፋቱ የየትኛው እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ? መዝገብ መያዝን ለአንቺ ማስተማር የእኔ ድርሻ አይደለም።

ከአንድ ቦታ የተቆፈረ አፈር ያዢ። ገለፈቱን ብቻ በክብደት 5፣ 10 እና 15 በመቶ እያደረግሽ ጠፍጣፋ ቁራጮች ሥሪ፤ እርጥብ ሳሉ 10 ሳንቲ ሜትር መስመር ጫሪባቸው። ሲደርቁ ለኪያቸው፤ ከእሳት ሲወጡም ለኪያቸው። መስመሩ 9 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ሸክላው 10 በመቶ ተኮማትሯል ማለት ነው። ገለፈቱ ተቃጥሎ ሲያልቅ በቦታው ቀዳዳ ስለሚተው ዕቃው ይቀላል፣ ውሃም ያሳልፋል። ለስኒ አይሆንም፤ ለመብራት መከለያ ግን ያምራል።

መሰንጠቁ ደግሞ ከገለፈቱ ላይመጣ ይችላል። በጅማ ክረምት ላዩ የደረቀ ሸክላ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቆያል፤ ያ ውሃ እሳት ሲነካው እንፋሎት ሆኖ ግድግዳውን ይበትነዋል። ጉንጭሽ ላይ አስጠጊው፤ ከቀዘቀዘሽ አልደረቀም። በ573 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ደግሞ አፈሩ ውስጥ ያለው ኳርትዝ የተባለ ማዕድን መጠኑን በድንገት ስለሚለውጥ፣ ሳይበርድ ከአመዱ አታውጪው።

ይህን ሁሉ ጀበና የሚሠሩት እናቶች በእጃቸው ያውቁታል። ሂጂና አብረሻቸው ሥሪ፤ ለጊዜያቸውም ክፈያቸው፤ ዕውቀታቸው በነፃ የሚወሰድ አይደለም። ሸክላ ሠሪን መናቅ የቆየ ነውራችን ነው፤ የናቃቸውም ቤት ቡናውን የሚያፈላው በእነሱ ጀበና ነው። በ1950 እ.ኤ.አ. ኬንያ የተወለደችውን የሴራሚክ አርቲስት ማግዳሌን ኦዱንዶን ለወላጆችሽ ንገሪያቸው። መጀመሪያ የግራፊክ ጥበብ ተማሪ ነበረች፤ በኋላ ናይጄሪያ፣ የዚያን ጊዜዋ አቡጃ (የዛሬዋ ሱሌጃ) ሄዳ ከሴት ሸክላ ሠሪዎች የእጅ ሥራ ተማረች። ያለ መዘውር በእጇ እየቀጠለች ታንጻለች፣ ገጹን ትወለውላለች፤ አየር በሚያገኝ እሳት ቀይ የሆነውን ዕቃ አየር በተነፈገ ሁለተኛ እሳት ታጠቁረዋለች። ሥራዎቿ ዛሬ በታላላቅ ሙዚየሞች ይገኛሉ። የሙከራዋ መነሻ የእናቶች ዘዴ ነው።

ስለ ገንዘቡ በግልጽ ልንገርሽ። መጀመሪያ ላይ ሸክላው አያኖርሽም፤ ስለዚህ በተማርሽበት ሙያ ተቀጠሪ፤ ግማሽ ቀን የሚያሠራ ከተገኘ ይሻላል። ከብዙ አርቲስቶች የምትበልጪው ወጪ ማስላት በመቻልሽ ነው፤ ከአሥር ስኒ አራቱ ከተሰበረ የስድስቱ ዋጋ የአሥሩን ወጪ መሸፈን አለበት። ብዙ ጎበዝ እጆች የሚከስሩት እዚህ ላይ ነው። የተሰነጠቁትን ቁራጮች አትጣያቸው፤ ቁጥር ጽፈሽባቸው ፎቶ አንሺ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የቁሳቁስ ሳይንስና ምህንድስና ትምህርት ይሰጣል፤ ባዶ እጅሽን ከምትሄጂ ያንን መዝገብ ይዘሽ «በምድጃችሁ ልሞክር» ብትዪ ይሰሙሻል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ቅርጻ ቅርጽ ለመማር ብታመለክቺም የምታሳዪው እሱኑ ነው።

የገለፈት አመድ ፖታሽየም ስለሚበዛበት ወደፊት ለሚያብረቀርቅ ቅብ ሊያገለግልሽ ይችላል፤ ግን ከ1200 ዲግሪ በላይ ይፈልጋልና በሜዳ እሳት አትድከሚበት። ምንነቱ ያልታወቀ ቅብ ገበያ ገዝተሽ ስኒ ላይ አታድርጊ፤ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። የደረቀ የሸክላ ብናኝም ለሳንባ መርዝ ነው፤ የምትሠሪበትን ቦታ ከመጥረግ ይልቅ በእርጥብ ጨርቅ አጽጂው።