ነጭ ዱቄት ያወጣችውን ጀልባ እንግዛት ወይስ እንተዋት?

«ጋሼ፣ እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ቼሳፒክ ላይ አምስት ዓመት በሰው ጀልባ ሸራ ስንማር ቆይተናል። አሁን የራሳችንን ገዝተን የብርዱን ወራት ባሃማስ ማሳለፍ እንፈልጋለን። ሁለት ጀልባ አይተናል። አንደኛዋ ፋይበርግላስ ናት፤ ኪሏ፣ ከሆዷ ሥር ወደ ውሃ የሚወርደው ክንፍ፣ ቋሚ ስለሆነ ከውሃ በታች 2 ሜትር ትጠልቃለች። ሁለተኛዋ ፈረንሳይ አገር የተሠራች 12 ሜትር አልሙኒየም ናት፤ ኪሏ ወደ ላይ ሲሰበሰብ 1 ሜትር ውሃ ይበቃታል። ወደድናት። ግን የብስ ላይ ወጥታ ስናያት ፕሮፔለሩ አካባቢ ቀለሙ ሳንቲም ሳንቲም እያከለ አብጧል። በጥፍሬ ስነካው ነጭ ዱቄት ወጣ። ሻጩ የቀለም ችግር ነው ይላል። አንድ ጓደኛችን ደግሞ አልሙኒየም በሞቃት ጨዋማ ውሃ ተበልቶ ያልቃል፣ ይቅርባችሁ አለን። ምን ይሉናል?»

ወንድሜ፣ ጎበዝ! ብዙ ሰው ጀልባ ሊገዛ ሲሄድ ወጥ ቤቱንና መኝታውን ነው የሚያየው። አንተ ሆዷ ሥር ገብተህ በጥፍርህ ፋቅህ። መታየት ያለበት እሱ ነው።

ቁርጡን ልንገርህ። ለባሃማስ ከሆነ እኔ አልሙኒየሟን እመርጣለሁ። የዱቄቱ ምንጭ ሳይታወቅ ግን አንድ ብር እንዳትከፍል።

እኔ አዲስ አበባ የብረት በርና መስኮት እበይድ ነበር። ፍሎሪዳ ከመጣሁ 22 ዓመቴ ነው። እነዚህን ዓመታት የቆየሁት የአልሙኒየም ጀልባ ስጠግን ነው፤ የምነግርህ እጄ የነካውን ነው።

መጀመሪያ የውሃውን ነገር እንይ። የታላቁ ባሃማ ባንክ ውሃ የሸፈነው የአሸዋ ሜዳ በለው። አብዛኛው ቦታ ከ10 ሜትር አይዘልም፤ 2 እና 3 ሜትር የሆነው ሞልቷል። ኤግዙማ ደሴቶች ጋ ስትደርስ ነገሩ በደንብ ይገባሃል። ከደሴቶቹ በስተምሥራቅ ወለሉ በድንገት ከ1000 ሜትር በላይ ይወርዳል። በስተምዕራብ ደግሞ ከጀልባህ ወርደህ ቆመህ የምትሄድበት ውሃ ነው።

ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከምሥራቅ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሁሉም ጀልባ በደሴቶቹ ምዕራብ ተከልሎ መልሕቅ ይጥላል። ሰላም ነው። በብርዱ ወራት ግን ከአሜሪካ በኩል ቀዝቃዛ አየር ይወርዳል። ነፋሱ መጀመሪያ ወደ ደቡብ፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይዞራል። አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ትናንት የከለለህ ደሴት ዛሬ ከኋላህ የሚጠብቅህ ድንጋይ ይሆናል። ከምዕራብ ነፋስ የሚከልል ቦታ ደግሞ ጥቂት ነው። ያሉትን 2 ሜትር የሚጠልቁት ጀልባዎች ገና በጊዜ ይሞሏቸዋል።

1 ሜትር የምትጠልቅ ጀልባ ያን ጊዜ ነው ዋጋዋ የሚታየው። ሌሎቹ ከማይደፍሩት የአሸዋ ጉብታ ጀርባ ትገባለች። ማንግሮቭ ዛፍ መሀል ባለች ጠባብ የውሃ ሸለቆ ገብታ ታድራለች። ባለቤትህ ጎንህ ተኝታ ነፋሱ ሲያፏጭ ብቻ መስማቷና ጀልባዋ ስትንገጫገጭ መስማቷ ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። ሰው ጥልቀት የማትፈልግ ጀልባ ሲባል የሚያማምሩ ዳርቻዎች ጋ መጠጋትን ነው የሚያስበው። እሱም አለ። ለእኔ ግን የመጀመሪያው ጥቅም መደበቂያ ማግኘት ነው።

እዚያው ቤታችሁ አጠገብም ትጠቅማችኋለች። የቼሳፒክ አማካይ ጥልቀት 6 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ወደ ፍሎሪዳ በውስጠኛው መስመር፣ በኢንትራኮስታል፣ ስትወርዱም አሸዋ የሞላባቸው ቦታዎች ያጋጥሟችኋል። በነገራችን ላይ ምሰሶዋን ለኩ። በዚያ መስመር አብዛኞቹ ቋሚ ድልድዮች ከፍታቸው 65 ጫማ ነው፤ ማያሚ ላይ ግን 56 ጫማ የሆነ አለ።

እንዲህ ያሉ ጀልባዎች ፈረንሳዮች ጋ የበዙት ያለ ምክንያት አይደለም። ብሪታኒ ውስጥ ሴን ማሎ ላይ ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል ልዩነቱ ከ12 ሜትር የሚያልፍበት ቀን አለ። ውሃው ጥሎህ ይሄዳል። ጀልባዋ ጭቃ ላይ ቀጥ ብላ መቀመጥ አለባት። አሉባት፣ ጋርሲያና ቦሬያል የሚባሉት ሠሪዎች ስማቸውን ያገኙት በዚህ ነው። ባሃማስ ላይ ልዩነቱ ወደ 1 ሜትር የሚጠጋ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ይሠራል። ውሃው ሲሞላ አሸዋ ላይ ትጠጋለህ፤ ሲጎድል ጉልበት በማይደርስ ውሃ ውስጥ ገብተህ ፕሮፔለርህን ታያለህ፣ በአልሙኒየሙ ፈንታ እንዲበላ የሚታሰረውን ዚንክ ትቀይራለህ፣ ሆዷን ትፍቃለህ። ለክሬን አትከፍልም። ግን መጀመሪያ ውሃው በጎደለበት ሰዓት ቦታውን በእግርህ ዙረው። አንድ ድንጋይ ካለች እሷ ላይ ነው የምትቀመጠው።

ጥልቀት የሌለው ቦታ የሚገባ ጀልባ አንድ ቀን መሬት መንካቱ አይቀርም። አልሙኒየሙ ዋጋ የሚያወጣው ያን ጊዜ ነው። ፋይበርግላስ በደንብ ሲመታ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ውሃ ይጠጣል። አልሙኒየም ይሰረጉዳል። አንድ ሌሊት ሙሉ ኮራል ላይ ስትጋጭ ያደረች ጀልባ ጠግኜ አውቃለሁ። ሆዷ እንደወደቀ ብረት ድስት ሰርጉዷል። ውስጧ ገብቼ በባትሪ ሳይ ግን ወለሉ ሥር አቧራው እንዳለ ነበር። ጠብታ ውሃ አልገባም። ብዙ ጊዜ የእነዚህ ጀልባዎች የሆድ ላሜራ 8 ወይም 10 ሚሊሜትር ነው። በብረት ቢሆን ጀልባዋ ትከብድ ነበር፤ አልሙኒየም ግን ክብደቱ የብረት ሲሶ ገደማ ነው።

አሁን ወደ ዱቄቱ እንምጣ።

ጓደኛህ «ሞቃት ጨዋማ ውሃ ይበላዋል» ያለው ልክ አይደለም። ለጀልባ የሚሆነው አልሙኒየም፣ 5083 ወይም 5086 የሚባለው፣ ከ4 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ያለ ማግኒዥየም የተቀላቀለበት ነው። አየር ሲያገኝ ራሱ ላይ ስስ ቆዳ ያበጃል። ያ ቆዳ ይጠብቀዋል። ጎኗን ቀለም ሳትቀባ 30 ዓመት ባሕር ላይ የምትኖር ጀልባ አለች፤ ግራጫ ትሆናለች እንጂ ምንም አትሆንም።

የሚበላው ሌላ ብረት አጠገቡ ሲኖር ነው። መዳብ፣ ናስ፣ ነሐስ። ከአልሙኒየም ጋር በብረት ከተገናኙና ጨዋማ ውሃ ውስጥ ከገቡ አንድ ላይ ባትሪ ሆኑ ማለት ነው። ሲሳሳ የሚኖረው አልሙኒየሙ ነው። ከጀልባው መብራት የሚያመልጥ ኤሌክትሪክ ሲጨመርበት ደግሞ የዓመቱ ሥራ በሳምንት ያልቃል። ነጩ ዱቄት የተበላው አልሙኒየም ራሱ ነው።

አንድ ጊዜ ወለል ሥር የውሃ ማስወጫ ፓምፕ ልቀይር ገባሁ። ጥግ ላይ እንደ ጨው የመሰለ ነጭ ክምር አየሁ። በእንጨት ስጭረው ከሥሩ የጣት አንጓ የምታህል የመዳብ ሽቦ ቁራጭ ወጣች። ኤሌክትሪክ የሠራው ሰው ቆርጦ የጣላት ናት። ሥሯ ምስር የሚያክል ጉድጓድ ነበር። የእስኪርቢቶዬን ጫፍ አስገባሁበት፤ ላሜራው ሊበሳ የቀረው ጥቂት ነው። ለዚህ ነው ከእንግዲህ በጀልባህ ውስጥ ሽቦ የሚቆርጥ ሰው ሁሉ ጨርቅ አንጥፎ ይቁረጥ የምልህ።

በአንተ ጀልባ እብጠቱ ፕሮፔለሩ አካባቢ መሆኑ ሦስት ነገር ያስጠረጥረኛል። ፕሮፔለሩ ነሐስ ሆኖ ዚንኩ ሥራውን እየሠራ አይደለም። ወይም የቀድሞው ባለቤት መዳብ ያለበት የሆድ ቀለም ቀብቷታል። ወይም ኤሌክትሪክ ያመልጣል። ሻጩን የቀለሙን ቆርቆሮ ወይም ደረሰኝ ጠይቀው። መዳብ ኦክሳይድ የሚል ከሆነ ያ ቀለም በሙሉ መውረድ አለበት፤ ወጪው ከዋጋው ላይ ይቀነስ። ዚንኩንም እየው። ዓመት ውሃ ውስጥ ቆይቶ አዲስ ከመሰለ አልተገናኘም ወይም ቀለም ተቀብቷል። በሁለት ወር ካለቀ ደግሞ ኤሌክትሪክ እየሸሸ ሊሆን ይችላል።

ያበጡትን ቦታዎች እንዲፈቅድልህ ጠይቀህ በእንጨት ፋቃቸው። በንጹህ ውሃ እጠብ። ከዚያ የጉድጓዱን ጥልቀት ለካ። እኔ ከ1 ሚሊሜትር በታች ከሆነ አጽድቼ ኢፖክሲ ፕራይመር እቀባለሁ። ጠለቅ ካለ በብየዳ እሞላዋለሁ። ብዙ ሆነው ከተቀራረቡ ግን ላሜራውን ቆርጦ መቀየር ነው፤ መሙላት ራስን ማታለል ነው። ስለ ቀሪው ውፍረት ዓይንህን አትመን። በአልትራሳውንድ የሚለካ ባለሙያ ቅጠር። ፕሮፔለሩ ዙሪያ፣ ኪሉ በሚገባበት ሳጥን ዙሪያና ከነዳጅ ታንከሩ ሥር ነጥብ በነጥብ ይለካልህ።

ቀጥሎ ኤሌክትሪኩ። ይህን ራስህ ታደርገዋለህ። የወደቡን መብራት ንቀል። ጀልባዋ ውስጥ ያለውን ማብሪያ ሁሉ አብራ። ትንሽ የ12 ቮልት አምፖል ውሰድ። አንዱን ሽቦ ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላውን ቀለም ከሌለው የጀልባዋ አካል ጋር አገናኝ። ከበራ ኔጌቲቩ አካሏን ነክቷል። ከዚያ ከኔጌቲቭ ጋር ሞክር። ከበራ ፖዘቲቩ ነክቷል፤ ይህኛው የባሰው ነው። ሁለቱንም ጊዜ መብራት የለበትም። በቴስተርም ድገመው፤ አምፖል የማያበራውን ትንሽ መሽሎክ ያሳይሃል። አልሙኒየም ጀልባ ላይ እንደ መኪና አካሏን የኔጌቲቭ መንገድ ማድረግ ፈጽሞ አይቻልም። እያንዳንዱ ዕቃ ሁለት ሽቦ ይኑረው።

ወደብ ላይ ስትቆም ደግሞ የጎረቤትህ ጀልባ ችግር በመብራት ገመዱ ወደ አንተ ይመጣል። አይሶሌሽን ትራንስፎርመር ግዛ፤ የወደቡን መብራት ከጀልባህ ጋር በሽቦ ሳያገናኝ የሚያስተላልፍ ዕቃ ነው። ውድ ነው፣ ከባድም ነው። ግን ሌላ ነገር አስቀርተህ እሱን ግዛ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሲልቨር ክሎራይድ ኤሌክትሮድ የሚባል ትንሽ ዘንግ አለ። ውሃ ውስጥ አንጠልጥለህ በቴስተር ከጀልባዋ ጋር ትለካለህ። ከኔጌቲቭ 900 እስከ 1100 ሚሊቮልት ካነበበ ደህና ናት። ከ1200 ካለፈ መከላከያው በዝቷል፤ ያም ቀለሙን ያስነሳል፣ አልሙኒየሙንም ይጎዳል። በየወሩ ለክተህ ደብተር ላይ ጻፈው። ቁጥሩ ከተለወጠ አንድ ነገር ተለውጧል።

የውሃ መግቢያ ቫልቮች ነሐስ ከሆኑ ቀይራቸው። ስቴንለስ ቡሎን ባለበት ሁሉ ከሥሩ የፕላስቲክ ሮንዴላና መለያ ቅባት ይግባ። በኮርኒሱና በላሜራው መሀል ያለው ፎም እርጥብ እንዳይሆን፤ አልሙኒየም እርጥብ ነገር ተጣብቆበት አየር ሲያጣ ያችን መከላከያ ቆዳውን መልሶ ማብቀል አይችልም። ስለ ሙቀቱ ብዙ አትጨነቅ። ፎሙ ደህና ከሆነ፣ ከላይ ነጣ ያለ ቀለም ካላትና ጥላ ከዘረጋህ ውስጧ ይኖራል።

ጉድለቶቿን አልደብቅህም። ኪሏ ሙሉ በሙሉ የሚሰበሰብ ከሆነ ክብደቷ ሆዷ ውስጥ ነው፤ ቋሚ ኪል እንዳላት ያህል ከውሃ በታች ወርዶ አይጎትታትም። ሻጩን ከተጋደመች በኋላ እስከ ስንት ዲግሪ ራሷን እንደምታቀና የሚያሳየውን ሰነድ ጠይቀው። ነፋስን ፊት ለፊት ስትቀዝፍ ፋይበርግላሷ ትበልጣታለች። መልሕቅ ላይ ስትሆን ደግሞ ኪሉ ሳጥኑን ቷ ቷ ሊያደርግ ይችላል። ትንንሾቹ ደሴቶች ላይ አልሙኒየም የሚበይድ ሰው አታገኝም። አልሙኒየም እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅህም፤ ሙቀቱ ሲበዛ ድንገት ይፈስሳል፣ ነፋስ ደግሞ ብየዳውን ከአየር የሚከልለውን ጋዝ፣ አርጎንን፣ ይወስደዋል። ስለዚህ አንድ ቁራጭ ላሜራ፣ ጎማና ኢፖክሲ ይዘህ ሂድ። እስክትመለስ ይይዝልሃል።

ከመግዛትህ በፊት የመጨረሻው ነገር። ክሬን ላይ ተንጠልጥላ ሳለ ኪሉን አውርዱ በላቸው። የብስ ላይ ተቀምጣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው አይታይም። ወርዶ ሲወጣ ያጉረመርማል? ቀንድ አውጣ ሞልቶበታል? የሚሽከረከርበት ዘንግ ዙሪያ ነጭ ዱቄት አለ? ሳጥኑ ውስጥ ከተበላ ጥገናው ግማሽ ጀልባ መፍታት ነው፤ እዚያ ላይ ወደ ፋይበርግላሷ ተመለሱ ብዬ እመክራችኋለሁ። እሱ ንጹህ ሆኖ ችግሩ ፕሮፔለሩ አካባቢ ብቻ ከቀረ ግን የሁለት ሳምንት ሥራ ነው። የአምፖሉን ውጤትና የውፍረት ልኬቱን ላክልኝና ስንት ከዋጋው እንደምታስቀንስ አብረን እናሰላለን።