ክፍሉ በሙሉ ዝም አለብኝ

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን ሁሌ አነባለሁ፣ ዛሬ ግን የራሴን ይዤ መጣሁ። ሁለተኛ ደረጃ ሲቪክስ አስተምራለሁ (አሁን የዜግነት ትምህርት ነው የሚባለው፣ እኛ ግን ሲቪክስ ማለቱን አልተውንም)። አዲስ አበባ ዳር ላይ ያለ ትምህርት ቤት ነው፣ 10ኛ ክፍል፣ 61 ተማሪ፣ ከየቦታው የመጣ ልጅ አለ፣ ተፈናቅለው የመጡም አሉ። ስለ ሕገ መንግሥቱ ስናወራ አንቀጽ 39 (የብሔሮች እስከ መገንጠል ያለው መብት) ተነሳና አንዱ ልጅ ከኋላ ዴስክ ብድግ ብሎ አንዷን «ያንቺ ሰዎች አይደሉ እንዴ ከቤታችን ያስወጡን!» አላት። ልጅቷ ምንም አልመለሰችም፣ ደብተሯን ሰብስባ ወጣች። እኔም ደንግጬ «በሉ ቀጣዩን ገጽ ግለጡ» ብዬ አለፍኩት። ይኸው ሦስት ሳምንቱ፣ ምንም ብጠይቅ ክፍሉ ዝም ነው፣ የሚመልሱት ፊት የሚቀመጡት አራት ልጆች ብቻ ናቸው። ዳይሬክተሩን ባማክር «እሱን ዝለዪው፣ ጣጣ ነው» አለኝ። እውነት ልዝለለው?

መልስ፦ አትዝለዪው እህቴ። ነገ ጠዋት ገብተሽም አትክፈቺው። መጀመሪያ ሁለቱ ልጆች አሉ። ልጅቷን ሰው በሌለበት ጠርተሽ «ያን ቀን ዝም ብዬ ማለፍ አልነበረብኝም» በያት፣ በቃ ይሄው ነው፣ ስለ ብሔሯም ስለ ቤተሰቧም አንድ ነገር አትጠይቂያት። ልጁንም ለብቻው። የተናገረው ነገር ክፉ ነው፣ ግን ቤቱን ያጣ ልጅ ነው፣ ቅጣት ብቻ ካገኘ ዳግመኛ ክፍል ውስጥ አፉን አይከፍትም፣ ሌላ ቦታ ግን ይከፍታል። ደግሞ ሁለቱን ቢሮ አስገብቶ «በሉ ተቃቀፉ» የሚባለውን ነገር እባክሽ ተይው፣ እኛ ስንት ጊዜ አደረግነው፣ ልጆቹ ይተቃቀፋሉ፣ ዩኒት ሊደሩ ደስ ይለዋል፣ በሩን ሲወጡ ያው ናቸው።

አሁን ዝምታው። 61 ልጅ ዝም ሲል ሁሉም በአንድ ምክንያት ዝም ያለ እንዳይመስልሽ። አንዱ ፈርቶ ነው፣ አንዷ እናቷ «ትምህርት ቤት ፖለቲካ እንዳታወሪ» ብላ ስለላከቻት ነው፣ አንዱ ጉዳዩ ራሱ ሰልችቶታል። ብዙ አስተማሪ የማያየው ደግሞ የቋንቋው ነገር ነው። መጽሐፉ እንግሊዝኛ፣ ክርክሩ አማርኛ፣ ልጁ ደግሞ እስከ 8ኛ በኦሮምኛ ወይ በትግርኛ ተምሮ የመጣ ሊሆን ይችላል፣ እና ዓረፍተ ነገሩን ጭንቅላቱ ውስጥ አሰናድቶ እጁን እስኪያወጣ እነዛ አራቱ ተናግረው ጨርሰው ደወል ተደውሏል። በሌላ ትምህርት ቢሆን በየቋንቋቸው ሦስት ሦስት እየሆኑ ያውሩ እልሽ ነበር፣ እዚህ ርዕስ ላይ ግን እንዳትሞክሪው! ክፍሉን በራስሽ እጅ በብሔር ከፈልሽው ማለት ነው። የአንድ ለአምስት ቡድኑንም አታምጪው፣ ጎበዙ ያወራል ሌላው ይገለብጣል፣ ስሙም ለብዙ ሰው ጥሩ ትዝታ የለውም።

እኔ ራሴ የሠራሁትን ልንገርሽ። ደሴ ሳስተምር ነው፣ ረመዳን ገብቶ ስለ ሃይማኖት እኩልነት እያወራን፣ ነገሩን ሕያው ላድርገው ብዬ አንዱን ልጅ በአባቱ ስም ገምቼ «እስቲ አንተ ስለ ጾማችሁ ንገረን» አልኩት። ልጁ ተነሳ፣ ጆሮው ቀላ፣ «ቲቸር እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ አባቴ ነው እስላም» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ስንት እንዳለ እያወቅኩ እኮ ነው! ግን ልጁን የጎዳው የኔ ግምት መሳሳቱ አልነበረም፣ ትክክል ብሆንም ኖሮ ያው ነው፣ አንድን የ16 ዓመት ልጅ አስነስቼ የአንድ ሕዝብ ቃል አቀባይ አደረግኩት። ያንቺም ተማሪ ልጅቷን ያደረጋት ይሄንኑ ነው። እሷ ማንንም ከቤቱ አላስወጣችም፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ግን ለሆነ ሕዝብ በሙሉ መልስ እንድትሰጥ ቆመች።

ስለዚህ ስትመለሺበት በአፍ አትጀምሪ፣ በወረቀት ጀምሪ። ግማሽ ግማሽ ሉክ፣ ስም የለም፣ 5 ደቂቃ፣ ጥያቄውም «ምን ትላላችሁ» ሳይሆን «ስለ አንቀጽ 39 ማወቅ የምትፈልጉት፣ ወይ ክፍል ውስጥ እንዳይነሳ የምትፈሩት ምንድነው»። በፈለጉት ቋንቋ ይጻፉ። ወረቀቱን ራስሽ ሰብስቢ፣ ቤት ወስደሽ አንብቢው፣ እዛው አታንብቢ፣ ተማሪ እንዲያነብም አታድርጊ ምክንያቱም የእጅ ጽሑፍ ይተዋወቃሉ። ከ61ዱ ሰባት ስምንቱን መርጠሽ በራስሽ ቃል ሰሌዳ ላይ ጻፊው። (ማየት የተሳነው ተማሪ ካለሽ አስቀድሞ በቃሉ ይንገርሽና ሐሳቡን ከሌሎቹ ጋር ቀላቅይው፣ እሱ ብቻ ባዶ እጁን እንዳይቀመጥ።)

ቀጥሎ አንቀጹን ራሱን አንብቡት። እውነቱን ልንገርሽ፣ በዚህ አንቀጽ የሚጣላው ሰው አብዛኛው አላነበበውም፣ አስተማሪዎችም ጭምር። ንዑስ አንቀጽ 4ን ሰሌዳ ላይ ገልብጪውና ጠይቂ፦ የመገንጠል ጥያቄ በየትኛው ምክር ቤት፣ በስንት ድምፅ ነው የሚጸድቀው? (የዛው ብሔር ሕግ አውጪ ምክር ቤት፣ በሁለት ሦስተኛ።) ከዛ የፌዴራል መንግሥቱ በስንት ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያዘጋጃል? (በሦስት ዓመት።) ንብረትስ? (በሕግ መሠረት ክፍፍል ይደረጋል።) አየሽ፣ ለዚህ መልስ ለመስጠት ማንም የማንም ዘር መሆን አይጠበቅበትም፣ ማንበብ ብቻ ነው። ያ ዝም ያለ ልጅ «ሦስት ዓመት» ለማለት ድፍረት አያስፈልገውም፣ አንዴ ድምፁ ክፍሉ ውስጥ ከተሰማ ደግሞ ሁለተኛው ይቀለዋል። አንዱ ተነስቶ «ኤርትራ በ39 አይደል የተገነጠለችው» ማለቱ አይቀርም፣ ሁሌ ይላሉ። አመተ ምሕረቱን አስፈልጊያቸው፦ የኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ ሚያዝያ 1985፣ ሕገ መንግሥቱ የጸደቀው ኅዳር 1987። እንዲህ ዓይነት ስህተት ራሳቸው ሲያገኙት ፊታቸው ሲበራ ታያለሽ፣ እኔ ከማስተማር የናፈቀኝ እሱ ነው።

ከዛ በኋላ ነው ክርክሩ። እሱም ቢሆን ሁሉም ልጅ ሁለቱንም ወገን ይጻፍ፣ አንቀጹ ይኑር የሚሉት የሚሰጡትን ጠንካራ ምክንያት፣ ይውጣ የሚሉት የሚሰጡትን ጠንካራ ምክንያት። የራሱን አቋም መናገር የፈለገ ይናገር፣ ያልፈለገ ይለፍ፣ ማለፍ ማርክ አያስቀንስም ብለሽ ቀድመሽ ንገሪያቸው።

ሁለት ቃል ከልክዪ። አንዱ «እናንተ» ነው፣ «የናንተ ሰዎች»ም ያው። «እኔ እንዲህ ደርሶብኛል» ይበል፣ ያ ልጅ «እኔ ቤቴን አጥቻለሁ» ቢል ኖሮ ክፍሉ ያዳምጠው ነበር፣ ምናልባት ልጅቷም። ሁለተኛው «ይባላል»። ማነው ያለው፣ ቲክቶክ ላይ ነው፣ ሰፈር ነው፣ መጽሐፍ ነው? አንቺም ስትሳሳቺ ያስቁሙሽ፣ ሳታስቢው «ይባላል» ትያለሽ፣ እነሱም ደስ ብሏቸው ይይዙሻል።

ስለ ዳይሬክተሩ። ሰውየው ፈሪ ነው ብዬ አልፈርድም፣ 20 ሴኮንድ ተቆርጦ ቴሌግራም ላይ የተለቀቀ ቪዲዮ አስተማሪን ምን ሊያደርግ እንደሚችል ያውቃል። እና ስልክ ተዘግቶ ጠረጴዛሽ ላይ ይሁን፣ ሌሰን ፕላንሽ ላይ ምዕራፉንና ገጹን ጽፈሽ ለዲፓርትመንት ኃላፊሽ አስፈርሚ። የጥላቻ ንግግር አዋጁ፣ 1185/2012፣ የትምህርትና የምርምር አካል የሆነን ንግግር ከጥላቻ ንግግር እንደማይቆጥርም እወቂ። የሆነ ቦታ ግጭት በተነሳበት ሳምንት፣ የተማሪሽ ዘመድ እዛ እያለ፣ ልጁ ስልኩን እየጠበቀ ባለበት ቀን ከሆነ ግን አስተላልፊው። ለምን እንዳስተላለፍሽውና መቼ እንደምትመለሺበት ብቻ ንገሪያቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ እኔ ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነኝ። ልጄ 8ኛ ክፍል ነው፣ ክፍሉ ውስጥ ሐበሻ እሱ ብቻ ነው። አስተማሪዋ ስለ ጦርነት ሲማሩ «ያገርህን ጦርነት አስረዳን» አለችው። እኔ አማራ ነኝ አባቱ ትግሬ፣ ቤት ውስጥ ይሄን ነገር ተማምለን ነው ያቆምነው። ልጁ ሁለት ቀን ትምህርት ቤት አልሄድም አለ። ምን ልበላት?

መልስ፦ ልጅሽ እንቢ ማለቱ ትክክል ነው፣ መጀመሪያ ይሄን ንገሪው። አስተማሪዋ ክፋት አላሰበችም፣ ልጁን ያከበረችው መስሏታል፣ እኔም ደሴ እንደዛው መስሎኝ ነበር። የማትፈልጊውን ብቻ ሳይሆን የምትፈልጊውን ጻፊላት፦ ስለዚህ ጦርነት ክፍሉ በሙሉ ከጽሑፍ ይማር፣ ለምሳሌ የፕሪቶሪያውን የጥቅምት 23፣ 2015 ስምምነት አብረው ያንብቡ፣ ልጄ ግን የራሱን ቤት እንዲያስረዳ አይጠየቅ፣ መናገር ከፈለገ ራሱ እጁን ያወጣል። ስለ ባልሽና ስላንቺ መጻፍ የለብሽም። ተማምላችሁ ያቆማችሁትን ነገር ግን ልጁ ያውቀዋል፣ አንድ ቀን ሦስታችሁ ቁጭ ብላችሁ ምን እንደፈራ ጠይቁት፣ ማን ትክክል ነበር የሚለውን ሳትገቡበት። እንግሊዝኛው ካስቸገረሽ ልጁን እንዳታስተረጉሚው! ሞንትጎመሪ ካውንቲ ላይ ትምህርት ቤቶቹ የአማርኛ አስተርጓሚ አላቸው፣ ቢሮ ደውለሽ «አማሪክ» በያቸው፣ ያገናኙሻል።